የሰርግ ካሴትዎን ወደ ዲስክ ሊያዛውሩ ነው? መጀመሪያ የማጫወቻውን ፊት ያንብቡ

አክስቴ የምትኖረው መርሳ ነው። ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ የሰርጓን የቪዲዮ ካሴት በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን ደግሞ በአሮጌ ነጠላ ቋጥራ፣ ወደ ደሴ በሚመጣ ሚኒባስ ላከችልኝ። ካሴቱ የ1989 ዓ.ም. ነው። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው የሙሽሮቹ ስም ደብዝዞ፣ የቀረው የእሷ ስም የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነው። «በዲስክ አድርገህ መልስልኝ፤ ማጫወቻው እዚህ አለኝ» አለችኝ በስልክ።

ሥራው የአንድ ቅዳሜ መስሎኝ ነበር። ካሴቱን በዴክ እያጫወትኩ ወደ ኮምፒውተር ቀዳሁት፤ መሳቢያ ውስጥ ባገኘሁት ዲስክ ላይ ጻፍኩት፤ በላፕቶፔ ሞከርኩት፤ ሠራ፤ ላክሁት። በማግስቱ ደወለች። «ልጄ፣ የጎረቤት ልጅ ሲያነብልኝ ‹ዲስክ የለም› ይላል አለኝ። እኔው በእጄ ነው የከተትኩት፤ እንዴት የለም ይላል?» «አብሽሪ፣ ሌላ እልክልሻለሁ» አልኳት። ሁለተኛውን ዲስክ ማጫወቻው ተቀበለው፣ የፋይሉንም ስም አሳየ፤ ምስል ግን አልወጣም። ሦስተኛው ከቤቴ ሲወጣ ደህና ነበር፤ መንገድ ላይ ተበላሸ። የሠራው አራተኛው ነው።

ይህን የምጽፈው የእኔን ሦስት ዲስክ እርስዎም እንዳይደግሙት ነው። አብዛኛው ስህተቴ ከአንድ ነገር የመጣ ነው፤ ዲስኩን የመረጥኩት ደሴ ያለውን ላፕቶፕ አይቼ እንጂ መርሳ ያለውን ማጫወቻ ጠይቄ አልነበረም።

ማጫወቻው ምን ይላል?

ፒያሳ ወርደው ባዶ ዲስክ ከመግዛትዎ በፊት ዲስኩ ወደሚሄድበት ቤት ይደውሉና የማጫወቻውን ፊት በስልክ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። ፊቱ ላይ የታተሙት ትናንሽ ምልክቶች ሻጩ ከሚነግርዎ የበለጠ ይናገራሉ። «ቪሲዲ» ብቻ የሚል ከሆነ ዲቪዲ አይገባውም፤ በሲዲ መሥራት አለብዎ። «ዲቪዲ ቪዲዮ» የሚል ከሆነ አብዛኛው የዚህ ጽሑፍ ምክር ለእርስዎ ነው። «ዲቪክስ» የሚል ከተጨመረበት ደግሞ በአሮጌው የኤቪአይ ቅርጽ የተቀመጡ ፊልሞችንም ያነባል ማለት ነው። ከፊቱ የፍላሽ ቀዳዳ ካለው እሱንም ይመዝግቡ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የማጫወቻው ዕድሜም ነገር አለው። በ1990ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ የገቡት የመጀመሪያዎቹ ዲቪዲ ማጫወቻዎች በፋብሪካ ለታተመ ዲስክ የተሠሩ ናቸው፤ ቤት ውስጥ የተጻፈውን የሚያነቡት በግድ ነው። በኋላ የመጡት ርካሽ ማጫወቻዎች ብዙ ጊዜ ከእነዚያ ውድ አሮጌዎች ይልቅ ለጻፍነው ዲስክ ቸር ናቸው። የአጎቴ ልጅ ከጅቡቲ ያመጣው ከባድ ማጫወቻ ስንት ጊዜ እንዳሳፈረኝ፣ ከባቲ ገበያ የተገዛው ቀላሉ ደግሞ ስንት ጊዜ እንዳኮራኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቪሲዲ ወይስ ዲቪዲ? እስክስታው ይፍረድ

ሁለቱም ከካሴት የሚቀዳ ሰርግ ይይዛሉ። ቪሲዲ በተራ ባዶ ሲዲ ላይ ይጻፋል፤ በ80 ደቂቃ ሲዲ ላይ 80 ደቂቃ ያህል ፊልም ይገባል። ምስሉ 352 በ288 ነጥብ ነው፤ ለምስሉ በየሴኮንዱ የተመደበለት ደግሞ 1150 ኪሎቢት መረጃ ብቻ ነው፤ ይህም አይጨምርም አይቀንስም። ተራ ዲቪዲ በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርዓት በፓል እስከ 720 በ576 ይሄዳል፤ ሁለት ሰዓት ፊልም ቢጭኑበት እንኳን በየሴኮንዱ ወደ 5 ሜጋቢት ይደርሰዋል፤ የቪሲዲውን ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

ቁጥሩ ለብዙ ሰው ምንም አይለውም። እኔም ልዩነቱ የገባኝ የአክስቴን ካሴት በሁለቱም ሠርቼ ጎን ለጎን ሳያቸው ነው። ሙሽራዋ ተቀምጣ ሚዜዎቹ ጉርሻ ሲሰጧት ሁለቱ እምብዛም አይለያዩም። እንዲያውም የድሮው የቪዲዮ ካሴት ራሱ የጠራ ምስል ስለሌለው ቪሲዲው አያሳፍርም። ሙስሊሙ ዘመድ የሚስተናገድበት ድንኳንና ክርስቲያኑ የሚስተናገድበት ድንኳን ጎን ለጎን ሲታዩም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ማሲንቆው አምባሰልን ትቶ ፈጠን ወዳለው ሲገባና ትከሻ መነቅነቅ ሲጀምር ግን ጉዱ ይወጣል። በቪሲዲው የተጨፋሪዎቹ ቀሚስና ትከሻ ወደ ትናንሽ ካሬዎች ይበተናል፤ ከጥልፉ ላይ ቀለሙ ይፈሳል፤ ፊትም ይጠፋል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው የተመደበው ቢት ለፈጣን እንቅስቃሴ አለመብቃቱ ነው። ሁለተኛው ሰው የማያስተውለው ነው፤ ካሴት በየሴኮንዱ 50 ግማሽ ምስሎችን ይይዛል፤ ዲቪዲ እነዚህን 50ዎቹን እንዳሉ መያዝ ይችላል፤ ቪሲዲ ግን ወደ 25 ሙሉ ምስል ያወርዳቸዋል። እስክስታ ውስጥ ትከሻ በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚነቀነቅ የወሎ ሰው ያውቃል። ግማሹን እንቅስቃሴ የጣለ ዲስክ ጭፈራውን ሳይሆን የጭፈራውን ፎቶግራፍ ነው የሚያሳይዎ።

ስለዚህ ማጫወቻው ዲቪዲ ካነበበ ቪሲዲ አይምረጡ። ክርስትና፣ የምርቃት ሥነ ሥርዓት፣ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ቃለ ምልልስ ከሆነ ቪሲዲ ይበቃል። ጭፈራ ካለበት አይበቃም።

ባለ መቀነስ ወይስ ባለ መደመር?

ሱቅ ሲገቡ ባዶ ዲቪዲዎቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ፤ ስማቸው ውስጥ ግን አንዱ የመቀነስ ምልክት፣ ሌላው የመደመር ምልክት አለው። ባለ መቀነሱ፣ ዲቪዲ ማይነስ አር (DVD-R)፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከፓዮኒር የወጣው ነው። ባለ መደመሩ፣ ዲቪዲ ፕላስ አር (DVD+R)፣ ደግሞ ፊሊፕስና ሶኒ የነበሩበት ተፎካካሪ ቡድን አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ያመጣው ነው። መጠናቸው እኩል ነው፤ 4.7 ጊጋባይት። ኮምፒውተርዎ 4.37 ብሎ ቢያሳይዎ አልተሰረቁም፤ ፋብሪካው በአሥር ሲቆጥር ኮምፒውተሩ በሁለት ብዜት ስለሚቆጥር ነው።

ዛሬ የሚሸጠው መጻፊያ (ራይተር) ሁሉ ሁለቱንም ይጽፋል፤ ልዩነቱ የሚመጣው ማጫወቻው ጋ ነው። ባለ መቀነሱ ቀድሞ ስለወጣ አሮጌ ማጫወቻዎች እሱን የማወቅ ዕድላቸው ሰፋ ያለ ነው። ባለ መደመሩ ግን አንድ ብልሃት አለው። እያንዳንዱ ዲስክ በውስጡ «እኔ እንዲህ ያለ ዲስክ ነኝ» የሚል መታወቂያ ይይዛል፤ በባለ መደመሩ ላይ ይህን መታወቂያ ከመጻፍ በፊት ቀይሮ «በፋብሪካ የታተመ ዲቪዲ ነኝ» ማስባል ይቻላል፤ መጻፊያው ከፈቀደ። ኢምግበርን የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን የሚያደርግ ቁልፍ አለው። መታወቂያው የተቀየረለት ባለ መደመር፣ ባለ መቀነሱን አንቅሮ በሚተፋ ማጫወቻ ውስጥ ሲሠራ አይቻለሁ።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ማጫወቻውን በደንብ ካላወቁት ባለ መቀነስ ይግዙ። መጻፊያዎ መታወቂያ መቀየር የሚችል መሆኑን ካረጋገጡና አሮጌ ማጫወቻ ካስቸገረዎ ወደ ባለ መደመር ይሂዱ። ከዚህ ያለፈ ክርክር የሻጮች ጨዋታ ነው።

የመጀመሪያውን ዲስኬን ያበላሸው ግን መደመርም መቀነስም አልነበረም፤ ተሰርዞ ደግሞ የሚጻፍበት ዓይነት መሆኑ ነው። ስሙ ላይ «አር» ብቻ ሳይሆን «አርደብሊዩ» የሚል ይጨመርበታል። ሻጩ «ይህማ ይሻላል፣ ሺህ ጊዜ ይጻፍበታል» ይልዎታል፤ በመጻፉ እውነቱን ነው። ችግሩ ያለው ብርሃኑ ላይ ነው። ማጫወቻው ዲስኩን የሚያነበው ቀይ ጨረር ልኮ የሚመለሰውን በመለካት ነው። የፋብሪካ ዲስክና አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ከተላከው ብርሃን 45 በመቶና ከዚያ በላይ ይመልሳሉ። ተሰርዞ የሚጻፍበት ግን ከ18 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው የሚመልሰው። የደከመ ዓይን ያለው አሮጌ ማጫወቻ ይህን ደብዛዛ ብርሃን አይቶ «እዚህ ምንም የለም» ይላል። «ዲስክ የለም» ያለው ሳይዋሽ ነው፤ ለእሱ አልታየውም።

ቢሆንም አንድ እንዲህ ያለ ዲስክ ቤትዎ ይኑር። ማውጫው ደህና መሠራቱን፣ ድምፁ ከምስሉ ጋር መሄዱን ዘመናዊ ማጫወቻ ላይ የሚሞክሩበት ይሆናል፤ እንደ ጥቁር ሰሌዳ ይጽፉበታል፣ ያጠፉበታል። ለሰው ግን አይስጡት።

8.5 ጊጋባይት የሚይዘው ባለሁለት ንብርብር ዲስክም እንዲሁ ብርሃን ንፉግ ነው፤ ዋጋውም ከበድ ይላል፤ አንዱ ንብርብር አልቆ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚደናገሩ ማጫወቻዎችም አሉ። ደግሞስ ለምን ያስፈልጋል? የእኛ ሰርግ ራሱ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ዲስክ የሰርጉ ቀን፣ ሌላው ዲስክ መልሱ። ሁለት ተራ ዲስክ ከአንድ ባለሁለት ንብርብር ይሻላል፤ አንዱ ቢጫር እንኳን ሌላው ይቀራል።

የሦስት ሰዓቱ ካሴት

«ኢ 180» የሚል የታተመበት ካሴት ሦስት ሰዓት ይይዛል፤ ቪዲዮ ቀራጩ ደግሞ አንዴ ካበራ አያጠፋም ነበር። በተራ ዲቪዲ ላይ አንድ ሰዓት በከፍተኛው ጥራት፣ ሁለት ሰዓት በጥሩ ጥራት ይገባል። ሦስት ሰዓት ከሆነ በየሴኮንዱ የሚደርሰው 3.5 ሜጋቢት ገደማ ስለሚሆን እስክስታው ላይ እንደገና መበታተን ይጀምራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት መንገድ አለ። የዲቪዲ ሕግ 720 በ576 ብቻ ሳይሆን 352 በ576 የሆነ ምስልም ይፈቅዳል። ቁመቱ ሙሉ ነው፤ 50ዎቹ ግማሽ ምስሎችም አይነኩም፤ የቀነሰው ስፋቱ ብቻ ነው። ካሴቱ ራሱ በስፋቱ ከ250 ያልበለጠ መስመር ነው ለይቶ የሚያሳየው፤ 720 ነጥብ ቢሰጡት የሚሞላው ነገር የለውም። ስለዚህ በ352 ሲሠሩ ያለዎት ቢት ለግማሽ ያህል ነጥብ ብቻ ይከፋፈላል፤ ምስሉ ይረጋል። የአክስቴ ካሴት ሁለት ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነበር፤ በዚህ መንገድ በአንድ ዲስክ ገባ፤ ትከሻዎቹም በቦታቸው አሉ። ይህ የሚሠራው ለካሴት ብቻ ነው፤ በዲጂታል ካሜራ የተቀረጸ ከሆነ ስፋቱን አይቀንሱበት።

ሁለተኛው ዲስኬ የከሸፈው ደግሞ ጨርሶ የዲቪዲ ፊልም ስላልነበረ ነው። የኤምፒፎር ፋይሉን እንዳለ ዲስኩ ላይ ገልብጬ ነበር፤ ልክ ፍላሽ ላይ እንደሚገለበጠው። ተራ ማጫወቻ የሚፈልገው ኤምፔግ 2 ወደሚባለው ቅርጽ ተቀይሮ በዲቪዲ ሥርዓት የተደራጀ ፊልም ነው። ዲቪዲስታይለር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ይህን ከነማውጫው ይሠራልዎታል። ሲከፍቱት መጀመሪያ ፓል መመረጡን ይዩ፤ በአሜሪካው ሥርዓት በኤንቲኤስሲ ላይ ከተውት አንዳንድ አሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ሰርጉ በጥቁርና ነጭ ይታያል። ስለ አገር ኮድ (ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንደሚጫወት ስለሚወስነው ቁጥር) የሚያስፈራዎ ካለ አይስሙት፤ ኢትዮጵያ ምድብ 5 ውስጥ ናት፤ በቤት የሚሠራ ዲስክ ግን ኮድ ስለሌለው አሜሪካ ያለች እኅትዎ ጋም ኮዱ አያግደውም። እዚያ የሚያስቸግረው ፓሉ ነው።

መጻፊያው፦ የውስጡ ወይስ በገመድ የሚሰካው?

ብዙ ሰው ራይተር የሚለው ዕቃ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይመጣል። አንዱ በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚታሰር ትልቁ ነው፤ ሌላው በዩኤስቢ ገመድ የሚሰካው ስሱ ነው። የጽሕፈት ጥራትን ብቻ ካዩ ትልቁ ያሸንፋል። ኃይሉን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ያገኛል፤ አካሉ ከባድ ስለሆነ አይንቀጠቀጥም፤ ፍጥነቱም የተሻለ ነው።

ነገር ግን ደሴ ላይ ነው ያለነው። ክረምት ገብቶ ጦሳ ጉም ሲለብስና ነጎድጓድ ሲጀምር መብራቱ መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። አንዴ የሚጻፍበት ዲስክ እየተጻፈ መብራት ከሄደ ያ ዲስክ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሆነ ማለት ነው። ባትሪ ያለው ላፕቶፕ ግን መብራት መሄዱንም አይሰማ። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚይዝ ባትሪ) ከሌለዎት፣ ለወሎ ቤት የምመክረው ባትሪው የሚሠራ ላፕቶፕና በገመድ የሚሰካ ስስ መጻፊያ ነው። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች መጻፊያ ከነጭራሹ ስለሌላቸው ምርጫው ቢጠሉትም ወደዚያው ይወስድዎታል።

የስሱ መጻፊያ በሽታ የኃይል ማነስ ነው። አሮጌው የዩኤስቢ ቀዳዳ እንዲሰጥ የሚጠበቅበት ግማሽ አምፔር ነው፤ መጻፊያው ግን ዲስኩን አሽከርክሮ ጨረሩን ሲያነድድ ከአንድ አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። በመሐል አቁሞ «መጻፍ አልተቻለም» ሲል ሰው ዲስኩን ይረግማል። ከመርገምዎ በፊት ገመዱን ይዩት። አጭር ይሁን፤ ሁለት አፍ ያለው ከሆነ ሁለቱንም ይሰኩ፤ በማከፋፈያ በኩል አያሳልፉት። በስልክ ቻርጅ ገመድ እየሠራ የሚያማርር ጎረቤት ነበረኝ፤ ገመዱን ስንቀይር ሕመሙ ለቀቀው።

ያገለገለ መጻፊያ አይግዙ ብል ይሻላል። ጨረር የሚያመነጨው ክፍል እየተጠቀሙበት ይደክማል፤ የደከመ መጻፊያ ደግሞ ማንበቡን ሳያቋርጥ መጻፉ ነው ቀድሞ የሚከዳው፤ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ፊልም ከፍቶ ማሳየቱ ምንም አያረጋግጥም። የግድ ከሆነ የራስዎን ባዶ ዲስክ ይዘው ሄደው እዚያው ያስጽፉ።

ስለ ፍጥነት ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች እሰማለሁ። አንዱ «በ16 ጻፈው፣ ይፍጠን» ይላል። ሌላው «በ1 ወይም በ2 ካልተጻፈ አይረጋም» ብሎ ይማልልዎታል። የዛሬው ባለ16 ዲስክ ቀለሙ ለፈጣን ጨረር የተቀመመ ስለሆነ ከልክ ባለፈ ዝግታ መጻፍም አይስማማውም። ከ4 እስከ 8 ባለው ይጻፉ። በ8 ሙሉ ዲስክ 10 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ አቦል ተቀድቶ እስኪጠጣ ማለት ነው። ላፕቶፑን በዚህ ጊዜ አያንቀሳቅሱት፣ ሌላ ሥራም አይስጡት።

የዲስኩ ሆድና ጀርባ

ባዶ ዲስክ በሃምሳ ተቆልሎ ሲሸጥ ርካሽ ነው፤ ግን መጀመሪያ አንድ ሁለት ገዝተው ይሞክሩ። ታዋቂ ስም የታተመበት ሁሉ የዚያ ፋብሪካ አይደለም። ኢምግበርን ባዶውን ዲስክ ሲያስገቡለት የእውነተኛውን ሠሪ መለያ ያሳይዎታል፤ ሽፋኑ አንድ ነገር፣ ሆዱ ሌላ ሲናገር ያገኙታል። በዓይን ደግሞ ወደ ብርሃን አቅንተው ጠርዙን ይዩ፤ ሐምራዊው ቀለም እስከ ዳር እኩል ካልተዳረሰ፣ ነጠብጣብ ወይም ደመና ካለበት ይመልሱት። በጥራታቸው ይመሰገኑ የነበሩት የጃፓኑ ታይዮ ዩደን ዲስኮች ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ሥራውን ስለተወ ዛሬ በዚያ ስም አዲስ የሚሸጥልዎ ካለ ቆም ብለው ያስቡ።

የሦስተኛው ዲስኬ ነገር እዚህ ይገባል። ለማሳመር ብዬ የሙሽሮቹን ፎቶግራፍ በሙጫ ወረቀት አትሜ ጀርባው ላይ ለጠፍኩት። ሹፌሩ አደራውን አክብሮ ዲስኩን ፊቱ ካለው መስታወት ሥር አስቀመጠው። ከደሴ ብርድ ወጥቶ ውጫሌን አልፎ ወደ ቆላው ሲወርድ ፀሐዩ በመስታወቱ ገባ። መርሳ ሲደርስ ወረቀቱ ተኮማትሮ፣ ዲስኩን እንደ ተጠበሰ ቂጣ ጠርዙን አንሥቶታል። ዲቪዲ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት የፕላስቲክ ገጾች ተጣብቀው የሚሠራ ነው፤ አንዱን ጎን ብቻ ወረቀት ሲስበው መጉበጡ አይቀርም። ወረቀት አይለጥፉ። ለዲስክ ተብሎ በተሠራ ለስላሳ ጫፍ ማርከር መሐል አካባቢ በአጭሩ ይጻፉ። በተለይ ሲዲ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የሲዲ መረጃ ያለው ከላይኛው ስስ ቀለም ሥር ስለሆነ ስም ሲጽፉ ፊልሙን ነው የሚቧጥጡት።

ብሉሬይና ፍላሽ

ብሉሬይ ዲስክ በአንድ ንብርብር 25 ጊጋባይት ይይዛል፤ ለዘመናዊ ካሜራ ቀረጻ ያምራል። ለአክስት ቤት ግን አይሆንም፤ ማጫወቻው የለም። ሶኒም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የሚጻፍበት ብሉሬይ መሥራቱን አቁሟል።

ከባዱ ተፎካካሪ ፍላሽ ነው፤ በሐቀኝነት ካየነው የፍላሽ ቀዳዳ ያለው አዲስ ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ፍላሽ ያሸንፋል። የኤምፒፎር ፋይልዎን ሳይቀይሩ ያነበዋል፤ መጻፊያ መግዛትም አያስፈልግም። ፋት 32 በሚባለው የፋይል አያያዝ የተሰናዳ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ስለዚህ ፊልሙን ይክፈሉት። ቀዳዳ ያለው አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ ግን ኤምፒፎሩን ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

እኔ ለሰርግ ፍላሽን የማላምነው በሰው ምክንያት ነው። ፍላሽ ይዋሳሉ። የጎረቤት ልጅ ዘፈን ሊያስቀዳ ይወስደዋል፤ ቀጂው «ሞልቷል» ብሎ ያጠፋዋል። አንዴ የተጻፈ ዲስክን ማንም ሊያጠፋው አይችልም፤ ሊሰብረው እንጂ። ደግሞም ሳይሰካ ለዓመታት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ፍላሽ የያዘውን ሊረሳ ይችላል።

ሁለት ቅጂ ይሁን፤ በሁለት ከተማ። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ደሴና ኮምቦልቻ ጦርነቱ ውስጥ ሳሉ ብዙ ቤት ተከፍቶ ዕቃው ሄዷል። ቴሌቪዥኑን ሰው እንደምንም ተካው። አልበምና ካሴት የጠፋበት ቤት ግን ዛሬም ድረስ የአባት ፎቶግራፍ ከዘመድ ስልክ ላይ ይፈልጋል። ከካሴት የቀዱትን ዋናውን ፋይል ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀሩ፤ አንዱን ዲስክ ለባለቤቱ፣ ሌላውን አዲስ አበባ ወይም ሌላ ቦታ ላለ ዘመድ ይላኩ።

ከመላክዎ በፊት

ሲጽፉ ዲስኩን የሚዘጋውን ምርጫ አይዝለሉ፤ ያልተዘጋ ዲስክ በጻፈው ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ማጫወቻው ላይ ይሞታል። ፕሮግራሙ ጽፎ ሲያበቃ መልሶ እንዲያነብና እንዲያመሳክር ያዙት። ከዚያ በተራ ማጫወቻ ሲሞክሩ መጀመሪያውን አይቶ «ሠራ» ማለት የዋህነት ነው። ዲስክ ከመሐል ጀምሮ ወደ ጠርዝ ነው የሚጻፈው፤ ድክመት ካለም የሚበዛው ጠርዙ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ መጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ይዝለሉና እዚያ ይቆዩ። ምስሉ ካልተንገዳገደ፣ ድምፁ ካልተቆረጠ፣ ያኔ ይላኩት። ማውጫው ላይ በየአምስት ደቂቃው ምዕራፍ ያድርጉ፤ ሦስት ሰዓት በማሳለፊያ ቁልፍ መሄድ ለሽማግሌ ጣት ቅጣት ነው።

አራተኛውን ዲስክ እኔው ራሴ ይዤው ሄድኩ፤ ባለ መቀነስ፣ በ8 የተጻፈ፣ ጀርባው ላይ «ሰርግ 1989» ብቻ ያለበት፤ በጠንካራ ሳጥን ውስጥ፣ ከጉልበቴ ላይ። አክስቴ ቡናውን አቅርባ ነበር። ማጫወቻው አጉረመረመ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አጉረመረመ፤ እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ማውጫው መጣ። ሙሽራዋን የምታይ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ከሙሽራዋ ጀርባ በድንኳኑ በር ሁለት ሴኮንድ ብቻ የምታልፈውን፣ መሶብ የተሸከመችውን ሴት አየች።

«መልሰው» አለችኝ። «እናቴ ናት።»

ምዕራፍ ሰባት ነበር። መለስኩት። መሶቡ እንደገና አለፈ። የማጫወቻውን መቆጣጠሪያ ከእጄ ወሰደችና የትኛውን ቁልፍ እንደተጫንኩ እንዳሳያት ጠየቀችኝ።